የጎደለ ገጽ የለም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት 1:30

ዛሬም የውሃ ቦቴው አልመጣም። በግማሽ ጀሪካን ተላጨሁ። በቀረው ሚስቴ ሆዳን ሻይ አፈላች። ስናደድ ጺሜ ቶሎ እንደሚያድግ ታምናለች። በዚህ ሒሳብ እስከ ማታ ሼህ እሆናለሁ።

ከሰዓት 9:00። መ/ቤት።

ያ ወጣት መሐንዲስ ፕላኑን ለሦስተኛ ጊዜ አመጣ። የደረጃው ከፍታ አሁንም እኩል አይደለም። አንዱ አሥራ ስድስት ሳንቲሜትር፣ አንዱ አሥራ ዘጠኝ። በቀይ መለስኩት። ሰው ለመውደቅ ሦስት ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ፊቱ ጠቆረ። ይጥቆር።

ደብተር፣ ስለ መጽሐፉ እስካሁን አልነገርኩህም። ስለ ደረጃ ሳስብ ነው ትዝ ያለኝ።

ዘይነባ ጋአን ሊባህ ሰፈር ልብስ የምትሰፋ የወሎ ሴት ናት። እህቷ ከደሴ ስትመጣ ከጨርቅ ጥቅል መሐል አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ አመጣችላት። ሽፋን የለው፣ ርዕስ የለው፣ ደራሲው አይታወቅ። ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ሲቆርጥ የገጽ ቁጥሩንም አብሮ ቆርጦታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው እንጀራ መብላቱ ይገርመኛል።

አንድ መጽሐፍ፣ አራት አንባቢ። መጠበቅ አልችልም። ስለዚህ ጀርባውን በከተር ሰንጥቄ አራት ቦታ ከፈልኩት። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በእጄ ቁጥር ሰጠሁት፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ለአራት ሲካፈል ሰባ ስምንት። ንጹሕ። እኔ ቀድሜ አነባለሁ፣ ከእኔ ጸጉር አስተካካዩ ቶፊቅ፣ ከእሱ ዘይነባ (ዘ.)፣ ከእሷ አንድ ጎረቤቷ። በየሐሙሱ ዘ. ሱቅ እንቀያየራለን፤ አስተያየታችንን እዚያው ባለው የተማሪ ደብተር ላይ እንጽፋለን። በጽሑፉ ዳር በእርሳስ መጻፍም ይፈቀዳል። በቀይ ግን አይፈቀድም፤ ዘ. ለእኔ ብላ ያወጣችው ሕግ ነው።

ታሪኩ። ጡረታ የወጣ ዳኛ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ይሞታል። ቤት ውስጥ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛ ሚስቱ እልፍነሽና ልጁ መክብብ። የሚተርክልን መክብብ ነው፤ ያ ቀን ግን ከአእምሮው ጠፍቷል። ሐኪም ዘንድ እየሄደ የጠፋውን ትዝታ ይፈልጋል። ደራሲው እስከ መጨረሻው ገዳዩን አይነግረንም።

የቶፊቅ ፍርድ፦ ሚስትየዋ። ለቅሶ ሳይጀመር ምንጣፉን አጥባለች።

የዘ. ፍርድ፦ ማንም አልገደለውም። ምሳ ሠርታ ሰሃን የደረደረች ሴት ባሏን አትገድልም፤ ብትገድልም ከምሳ በኋላ ነው አለች።

የእኔ፦ ልጁ። ማስረጃ አለኝ። ገ. 41 ላይ ደረጃው አሥራ አራት ነው። ገ. 203 ላይ ያው ልጅ፣ ያው ደረጃ፣ አሥራ ሦስት። አንድ ደረጃ የጠፋበት ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

አንድ ቦታ ላይ ሦስታችንም ተጣልተናል። ሦስተኛው ክፍል መሐል፣ ገ. 188። ዳኛው ልጁን "ቁጭ በል፣ የምነግርህ አለኝ" ይለዋል። ቀጣዩ ገጽ ቀብር ነው። ቶፊቅ ደራሲው ጀግና ነው አለ። ዘ. ጨካኝ ነው አለች፤ ሰውን ቁጭ በል ብሎ ሳያስተናግድ የሚያባርር። እኔ ክፍተቱ የልጁ የጠፋ ትዝታ መሆኑን፣ ይህም የታወቀ ስልት መሆኑን አሥር ደቂቃ አስረዳኋቸው። እሺ አሉ። ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቶፊቅ ቤት ጸጉሬን ተስተካከልኩ። ጅግጅጋ ያር በሚሉት ሰፈር፣ ከሚኒባሱ ማቆሚያ ፊት ለፊት። የጅማ ልጅ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ይፈጥናል። ስለ ምንጣፉ ተከራከርኩት። ምንጣፍ የሚታጠበው እንግዳ ስለሚመጣ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ እንግዳ ነው አልኩት።

"ኢንጂነር፣" አለኝ፣ "ምላጭ አንገትህ ላይ እያለ ስለ ገዳይ አትከራከር።"

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። አማርኛ የማይሰሙትም ሳቁ።

ማታ ታሪኩን ለሆዳን በሶማሊኛ ነገርኳት። አማርኛ አታነብም። ምስር እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ማስረጃዬን፣ አሥራ አራቱንና አሥራ ሦስቱን ነገርኳት። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሟቹ ስም ማን ነው?

አላወቅኩትም። ደብተር፣ አስበው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሙሉ "ዳኛው" ነው፣ "አባቴ" ነው። ስም የለውም። ሲናገር የሚሰማውም ከሦስት መስመር አይበልጥም።

ከዚያ ምስሯን እያየች፣ ገዳይ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ለቅሶውን ያልጨረሰ ሰው ነው አለች። ልብ ወለድ ነው አልኳት። እሺ አለች። የወንድሜን ስም አላነሳችም። ከተጣላን ሁለት ዓመት ሆነ፤ አታነሳም። ምስሯን ጨርሳ ተነሳች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ከሰዓት 11:00

እርሳሴን ሁለት ጊዜ ሰበርኩት። ከንዴት ነው፣ ሌላ አይደለም።

ዘ. ሱቅ ሄድኩ። ሦስተኛው ክፍል ከጎረቤቷ ተመልሷል። ገለጥኩት። ገ. 188፣ ከግርጌ፣ በእርሳስ፦ "እዚህ ላይ የጎደለ አለ። ሽማግሌው ሊናገር ነበር። አላስጨረሱትም።"

ጽሑፉ በእጅ ተዳብሷል። ፊደሉ ሁሉ ወደ ቀኝ ተጎትቶ ጠቁሯል። በግራ እጁ የሚጽፍ ሰው እጁን በጻፈው ላይ እየጎተተ ሲሄድ እንዲህ ይሆናል። ይህን ጥቁረት አውቀዋለሁ። ድሬዳዋ ስናድግ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አሥር ዓመት አብሬው ጽፌያለሁ።

አራተኛው አንባቢ ወንድሜ ነው። አ.። ስሙን ሙሉ አልጽፍም።

ዘይነባ ላይ ጮኽኩ። ማሽኗን አላቆመችም።

"ጋሼ ኢስማኤል፣ ጎረቤቴ ነው። ጄኔሬተሬን በነጻ የሚጠግንልኝ ሰው ነው። አማርኛ ማንበብ ይናፍቀኛል አለኝ። ምን ልበለው? ታላቅ ወንድምህን አስፈቅድ ልበለው?"

"ቀድመሽ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር!"

"ብነግርህ መጽሐፉን አምስት ቦታ ትቆርጠው ነበር፣ ወላሂ።"

እርሳስ ተቀብያት ከሥሩ ጻፍኩ፦ "የጎደለ ገጽ የለም። ቁጥሩን ተመልከት።" ከ188 በኋላ 189 ነው። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ማሽኑ ላይ የነበረው ነጭ ጨርቅ የሒባቅ መሆኑን ያየሁት ስወጣ ነው። የአ. ልጅ። የጋብቻ ውሏ፣ ኒካሑ፣ የሚቀጥለው ዓርብ ነው። ባለፈው ወር አ. የላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። የሙሽራውን ወገን የሚቀበለው የቤተሰቡ ታላቅ ነው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ታላቁ እኔ ነኝ። የፈለገኝ ሰው ራሱ ይምጣ ብዬ ሰደድኳቸው። አልመጣም። እኔም ታላቅ ነኝ፤ ወደ ታናሼ አልሄድም። ካልተቀመጥኩ ቦታው ላይ የሚቀመጠው አንድ የሩቅ ዘመድ ነው። የሒባቅን ስም እንኳ አስተካክሎ አይጠራም።

ክፍልፋይ ያስተማርኳት በብስኩት ነበር። ሩቡን ከሦስት ሩቡ ለይታ ስታውቅ ሙሉውን ትበላው ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ነፋስ። አቧራው በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። ክፍተቱን ለክቼዋለሁ፤ አራት ሚሊሜትር። እስካሁን አልደፈንኩትም።

እንግዲህ አንተም እወቀው፣ ደብተር። አንድ ጊዜ ብቻ እጽፈዋለሁ።

አባባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በየሦስት ሰዓቱ ኦክስጅኑን፣ ትኩሳቱን፣ የልብ ምቱን ሠንጠረዥ ላይ እመዘግብ ነበር። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነበር። ወረቀቱ አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን መ/ቤት ደርሼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። አ. ቤቱ ወስዶታል። አባባ ለመነኝ አለ። ቁጥሩ እየተሻሻለ ነው አልኩት። አባባ ለመነኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። በሦስቱ ቀን ውስጥ አልሄድኩም። ተናድጄ ነበር።

ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንተ ነህ የገደልከው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የሻይ ብርጭቆ መሰብሰቡን ቀጠለ።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማታ። እጽፋለሁ እንጂ። ልጅ ሆነን መጽሐፍ የሚያከራየን ሰው ነበር፤ ለሁለታችን አንድ። ምንጣፍ ላይ በሆዳችን ተኝተን እናነባለን። እኔ ገጹን ቀድሜ እጨርስና ጥጉን በጣቴ ይዤ እጠብቀዋለሁ። እሱ በከንፈሩ ነበር የሚያነበው። ሲጨርስ "ግለጥ" ይላል። እኔ ደግሞ "ዔሊ" እለዋለሁ። አንድም ጊዜ ግን ሳይል ገልጬ አላውቅም።

ይህን ለምን ጻፍኩት? ነፋሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

መልስ መጣ። ዘ. ሦስተኛውን ክፍል በፌስታል ጠቅልላ በቶፊቅ በኩል ላከችው። ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ በዚያው በተዳበሰ እጅ፣ አንድ መስመር፦

"ቁጥሩን ማን ጻፈው?"

ቶፊቅ አንብቦት ኖሯል። ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል። "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኢንጂነር" አለ። ከሱቁ ወጣሁ። ተመልሼ ገባሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ስለዚህ ትክክል ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ እንደ ሐኪም።

ሒባቅ ስልክ ላይ መልእክት ተወችልኝ። አዴር አለችኝ፣ የአባቴ ወንድም ማለት ነው፤ በዚህ ስም የምትጠራው ሌላ ሰው የላትም። አዴር፣ ወንበሩን ባዶ እንዲተዉት ነግሬያቸዋለሁ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ይኸው ብቻ። ድምፅዋ ልመና የለበትም። አራት ጊዜ ሰማሁት። ሆዳን አንድ ጊዜ ብቻ የሰማሁ መስሏታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ከሰዓት 8:20። መ/ቤት።

ደብተር።

ቆይ።

እሺ። ጠዋት በበርበራ መንገድ ያለውን መጋዘን አሮጌ ፕላን ፈለግኩ። ከመደርደሪያው ጥግ፣ የኮንክሪት ናሙና ኩቦቹ ካሉበት። ወረቀት እንዳይበር የምጭናቸው፣ እያንዳንዱ ስምንት ኪሎ። አንዱን ሳነሳ ከሥሩ ሁለት ካርቶን፣ በካርቶኖቹ መሐል ስምንት ቅጠል ወረቀት።

የመጽሐፉ ወረቀት። ያው ቢጫ፣ ያው የተቆረጠ ጠርዝ።

አስታወስኩ። መጽሐፉ በእጄ የገባ ዕለት አንድ እጥፍ፣ አብረው የታጠፉ ስምንት ቅጠሎች፣ ማጣበቂያው ለቆ ወልቆ ነበር። ማጣበቂያ ቀባሁት፣ ካርቶን መሐል አስገባሁት፣ እንዲደርቅ ኩብ ጫንኩበት። በማግስቱ ሳይት ላኩኝ። ስመለስ ገጾቹን ቆጠርኩ። ቁጥር ጻፍኩ። በክፍተቱ ላይ ቁጥር ጻፍኩበት። 188፣ 189። ወረቀቱ በዐረፍተ ነገር መሐል ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እነቃ ነበር። እጥፉ ግን ልክ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ጫፉና ጫፉ ንጹሕ።

አሥር ደቂቃ ስለ ስልት ያስተማርኩት ስለ ራሴ ኩብ ነው።

አነበብኩት። ቆሜ።

መጽሐፉ ውስጥ ዳኛው የሚናገርበት ምዕራፍ ይኼ ብቻ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ከልጁ ጋር ያወራል። ስሙ አስፋው ነው። ጉልበቱን ያማል። ደረጃ ሲወርድ ስለሚፈራ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ልጁ ይስቅበታል፤ እሱም ይስቃል። የመጨረሻው ደረጃ እያደናቀፈው ግንበኛ ጠርቶ የሳሎኑን ወለል እንዳስሞላው ይናገራል። አንድ ደረጃ ከወለሉ ሥር ተቀበረ። ከአሥራ አራት አንድ ሲቀነስ። ሠላሳ ዓመት ደረጃ የምመረምር ሰው፣ ወለል ከፍ ሊል እንደሚችል አላሰብኩም። ልጁን ዋሾ አልኩ።

ገዳዩ ማን እንደሆነ ምዕራፉ አይናገርም። ሰውየው ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ነው የሚናገረው።

ከዚያ ተቀመጥኩ። አባባ። ዘጠነኛው ቀን ይሁን አሥረኛው። ሠንጠረዡን ስሞላ ጭምብሉን በጣቱ ዝቅ አድርጎ፣ "ኢስማኤል፣ እዚያ ወረቀት ላይ አይደለሁም፤ እዚህ ነኝ" አለኝ። ጭምብሉን መለስኩለት። መናገር ኦክስጅኑን ያወርደዋል ብዬ። አውርዶትም ነበር፤ በሁለት። መዝግቤዋለሁ።

ሊናገር ነበር። አላስጨረስኩትም።

ወጣቱ መሐንዲስ ፕላኑን ይዞ ገባ። ደረጃዎቹ እኩል ናቸው። ጥሩ ነው አልኩት። ደንግጦ ቆመ። ሂድ፣ ጥሩ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ምሽት 1:00

ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ ሄድኩ። በዘ. ሱቅ በኩል ነው መንገዱ። አየችኝ፤ በእጄ ያለውንም አየች፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈተችና ክር በጠሰችበት። ሦስት በር አልፌ አንኳኳሁ።

አብዲ ራሱ ከፈተ። እጁ ግሪስ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። ሁለት ዓመት ለካ ረጅም ነው። ወረቀቱን አየ።

"ተገኘ?"

"ተገኘ።"

"የት?"

"ከኩብ ሥር።"

"ከምን?"

"ከኮንክሪት ኩብ ሥር። እኔ ነኝ የጫንኩበት።"

ሳቀ። የአባባ ሳቅ ነው፣ ሳል የሚመስለው። እጄን በክርኑ ያዘኝ፣ ግሪሱ እንዳይነካኝ ብሎ፣ እንደዚያው አስገባኝ።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። እጁን ታጠበ። ሚስቱ ሻይ አስቀምጣ ሄደች። ስምንት ቅጠል፣ ሁለት ሰው። መሐላችን አስቀመጥነው። አሁንም በከንፈሩ ነው የሚያነበው። እኔ ጨርሼ ጥጉን በጣቴ ያዝኩ። መጠበቅ አልችልም፤ ታውቀኛለህ። ጠበቅኩ።

"ግለጥ።"

ስምንት ጊዜ ግለጥ አለ። ስምንቱንም ጊዜ ጠበቅኩ። ዔሊ አላልኩትም።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ለቅሶ ቤት ያልኩት ልክ አልነበረም አልኩ። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት እመልሳለሁ አልኩ። ብርጭቆውን ያገላብጣል። አስቀመጠውና አባባን ስለወሰደበት ቀን ነገረኝ። መኪና ውስጥ አባባ መስኮቱ ይውረድልኝ አለ። ደረቁን ወንዝ ሲሻገሩ፣ ኢስማኤልስ ብሎ ጠየቀ። ወረቀቱን ይዞ ይመጣል አለው አብዲ። አባባ፣ እሱ ይምጣ፣ ወረቀቱን ግን ይተወው አለ። ሦስቱንም ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ይህን ሊነግረኝ ለቅሶ ቤት ፈልጎኝ ነበር። አላስጨረስኩትም፤ እሱንም።

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

ሽንት ቤት ሄድኩና ፊቴን ታጠብኩ። ስመለስ ወረቀቶቹን አስተካክሎ ደርድሯቸዋል። ነገር ለመቀየር እንግዲህ ዳኛውን ማንም አልገደለውም ማለት ነው አልኩት፤ ሽማግሌው ጉልበቱን ያመው ነበር፣ ልጁም ይወደው ነበር።

"ልጁ ነው የገደለው" አለ አብዲ።

"ምን?"

"ልጁ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ነው ያወቅኩት። እንዲህ እየወደደው ነው የገፋው። አሁን ጭራሽ ተረጋገጠ።"

"ከየትኛው መስመር? መስመሩን አሳየኝ!"

"መስመር የለውም፣ ኢስማኤል። ሲያወራ አትሰማውም እንዴ? የሚወድ ሰው ብርቱካኑን ይቆጥራል? ስንት ፍሬ እንደበላ ነግሮናል እኮ!"

ጮኽኩ። ጮኸ። ጎረቤት በር ከፈተ። ሚስቱ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች፤ ወረቀቱ ላይ ተደፍተን ስንጨቃጨቅ አየችን፤ አልሐምዱሊላህ ብላ ተመልሳ ገባች። እስከ ፀሐይ መግቢያ ሶላት፣ እስከ መግሪብ፣ አልተስማማንም። አብረን ሰገድን። ከሶላት በኋላም አልተስማማንም።

በር ላይ ነገ ራሴ እወስድሃለሁ አለኝ። የሒባቅ ልብስ አልቋል፣ ነጭ ነው፣ ያማረ ነው አለ። አይቻታለሁ፣ ማለት ጨርቁን አይቻለሁ አልኩ። አውቃለሁ አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት 3:00

ውሃው መጣ። በሙሉ ባልዲ ታጠብኩ። ሆዳን ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኮሰች፤ አንዴ ለመተኮስ፣ አንዴ ለደስታ።

የዘ. ሱቅ የአስተያየት ደብተር እኔ ጋ ነው፤ ትናንት በመመለሻዬ ተቀበልኳት። የጎደለው እንደተገኘ ስትሰማ አልሳቀችብኝም። እኔ ራሴ ለቶፊቅ እስክነግረው ብቻ ነው የምትታገሠው፣ አውቃለሁ። ስሜ ፊት ለፊት "ልጁ" የሚለውን ሰረዝኩ። ሌላ አልጻፍኩም። የሟቹን ስም ብቻ ከላይ ጻፍኩ፤ አስፋው። ለሚቀጥለው አንባቢ።

ገ. 188 ላይ "የጎደለ ገጽ የለም" ያልኩትን ላጲስ ይዤ ብዙ አየሁት። አላጠፋውም። ይቆይ። ስምንቱን ቅጠል ከሥሩ አጣበቅኩ፤ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ዛሬ የማደርገውን እዚህ ልጻፍ፣ እንዳላመልጥ። የሙሽራው ወገን ሲገባ ተቀብዬ አስቀምጣለሁ። ከኒካሑ በፊት፣ ለቅሶ ቤት የነበሩት ሁሉ በተቀመጡበት፣ እቆማለሁ። አባታችንን ወንድሜ አልገደለውም እላለሁ። ቤቱ ወሰደው፣ እንደለመነውም አደረገለት እላለሁ። እኔ አልነበርኩም እላለሁ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስቱን እስክጨርስ ማንም እንዳያቋርጠኝ አብዲን ለምኜዋለሁ። ከዚያ ወንበሬ ላይ

የመኪና ጥሩምባ። እሱ ነው። ኢስማኤል እያለ ይጮሃል፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፣ ዔሊ ይለኛል፣ እኔን! እየመጣሁ